የውሻና የድመት ልብ ሐኪም እንዴት እንዳገኘ
(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



ውሻ ደጃችንን የሚጠብቅ፣ ድመትም ጓዳችንን ከአይጥ የምታጸዳ መሆናቸውን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን በደረታቸው ውስጥ ያለው ልብ እንደ እኛው ልብ የሚደክምና የሚታመም፣ ሐኪም ሲያገኝም የሚታከም መሆኑን የሚያስቡ ጥቂቶች ናቸው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው። ነገሩን እንደ ዋዛ ቆጥረው ገጹን ሊገለብጡ ያሰቡ አንባቢ ቢኖሩ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ የሰው ልጅ ስለ ገዛ ልቡ ከሚያውቀው ነገር ብዙውን የተማረው በውሻ ደረት ላይ ነውና። ለትምህርቱ ዋጋ መክፈል የጀመረው ግን ዘግይቶ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለብዙ መቶ ዓመታት የሕክምና ሊቃውንት የጥንቱን የጋሌንን ቃል ተከትለው ደም በጉበት ውስጥ ይሠራል፣ ወደ አካልም ሄዶ እዚያው ያልቃል ብለው ያምኑ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ ግን በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ልብ ደምን እየገፋ በአካል ሁሉ የሚያዞር፣ ያው ደምም ተመልሶ ወደ ልብ የሚገባ መሆኑን አስረዳ። ይህንንም ያወቀው በሕይወት ያሉ ውሾችንና ሌሎች እንስሳትን ደረት ከፍቶ የልባቸውን አመታት በዓይኑ በመመልከት ነበር። በዚያን ዘመን ማደንዘዣ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

እንስሳትን የሚያክም ሰው በትምህርት ቤት ማሠልጠን የተጀመረው ከሃርቬይ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ክሎድ ቡርዠላ የተባለ ፈረንሳዊ በ1761 በሊዮን ከተማ የመጀመሪያውን የእንስሳት ሐኪሞች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁም ተፈቀደለት። ፈቃዱ የተሰጠው ግን ለውሻና ለድመት ታስቦ አልነበረም፤ የከብት ዕልቂት አገሩን ስላስጨነቀ፣ ፈረስም የጦርና የመጓጓዣ ኃይል ስለ ነበረ ነው። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም። ከ1888 እስከ 1892 በኢትዮጵያ በደረሰው በክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ ገበሬው የሚያርስበት አጥቶ ስንት ሕዝብ እንዳለቀ ከአያቶቻችን የሰማነው ነው። ያ የከብት በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የተነገረው በ2011 ነው። እንዲህ ያለ ጠላት ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ የእንስሳት ሐኪም አስቀድሞ ወደ በሬው መሮጡ የሚያስወቅሰው አይደለም። ውሻ ከሰልፉ ኋላ ቆመ፤ ድመት ደግሞ ከውሻው ኋላ።

ወደ ታሪኩ ከመዝለቃችን በፊት ስለ ሕመሙ ጠባይ ጥቂት መናገር ይገባል። በሰው ላይ እጅግ የበዛው የልብ ሕመም ልብን የሚመግቡት ደም ሥሮች በስብ መደፈን ነው። ይህ ሕመም በውሻ ላይ የሚታየው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የውሻ ልብ በብዛት የሚታመመው ከበሮቹ ላይ ነው። በልብ ክፍሎች መካከል ደም ወደፊት እንጂ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ ስስ በሮች አሉ፤ እነዚህ በሮች በተለይ በትናንሽ ውሾች ዕድሜ ሲገፋ እየወፈሩና እየተጨማደዱ ይሄዱና ደኅና አድርገው መግጠም ያቅታቸዋል። ያን ጊዜ ደሙ ወደኋላ ያፈስሳል፤ ልብ ያንኑ ደም ሁለት ጊዜ ለመግፋት ይገደዳል፤ እየሰፋም ይሄዳል። በመጨረሻ ውኃ በሳንባ ውስጥ ይጠራቀምና ውሻው ሌሊት ሌሊት ያስላል። ባለቤቱም «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ነው» ይላል። ትላልቅ ውሾች ግን ብዙ ጊዜ የሚታመሙት የልባቸው ሥጋ እየሳሳና እየላላ በመሄዱ ነው። የድመት ደግሞ ተቃራኒው ይበዛል፤ የልቧ ግድግዳ እየወፈረ ውስጡ ይጠብባል። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። አንዳንዴም በልቧ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ኋላ እግሮቿ የሚሄደውን ደም ሥር ይዘጋባትና በድንገት ሽባ ትሆናለች። መኪና ገጭቷት ነው ተብሎ ስንት ሾፌር በከንቱ ተረግሟል።

ለደከመ ልብ የተገኘው የመጀመሪያው እውነተኛ መድኃኒት ዲጂታሊስ ነው። ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በእብጠት ለሚሠቃዩ ሰዎች አንዲት አሮጊት በምሥጢር ትሰጠው የነበረውን የቅጠላ ቅጠል ቅመም መረመረ፤ ከብዙ ዓይነት ቅጠሎችም መካከል ሥራውን የሚሠራው አንዱ ብቻ መሆኑን ለይቶ በ1785 መጽሐፍ ጻፈበት። የአሮጊቷ ስም ግን በመጽሐፉ አልተገኘም። መድኃኒት ዐዋቂ እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ የሚደንቃቸው አይመስለኝም። ከዚሁ ቅጠል የሚወጣው መድኃኒት ቆይቶ ለውሻም ልብ ተሰጥቷል።

አሁን ጂሚ ስለሚባል አንድ ውሻ ልንገርዎ። ጂሚ በለንደን የሚኖር፣ የአካል አሠራርን የሚያጠና አውግስጦስ ዎለር የተባለ ሊቅ የሚያሳድገው ቡልዶግ ነበረ። ዎለር በ1887 በለንደን በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ልብ በመታ ቁጥር የሚፈጥረውን እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ከሰው ገላ ውጭ ሆኖ በመሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበ ሰው ነው። መሣሪያው በቀጭን የመስተዋት ቧንቧ ውስጥ ያለ ባዜቃ ሲሆን፣ ልብ በመታ ቁጥር ባዜቃው ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ዎለር ይህን ለሕዝብ ሲያሳይ ብዙ ጊዜ የሚያቆመው ጂሚን ነው። ውሻው እግሮቹን ጨው በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ነክሮ ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ ጨዋማው ውኃ ኤሌክትሪኩን ወደ ሽቦው ያስተላልፋል፤ የጂሚም ልብ በሰው ሁሉ ፊት ይታያል። ሥጋው አልተቆረጠም፤ መርፌም አልተወጋም።

በ1909 ዎለር ውሻውን በለንደን ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር እንግዶች አሳየ። ወሬው በጋዜጣ በወጣ ጊዜ አንድ የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል ተነሥቶ፣ «ውሻው በሹል ምስማር በተሸፈነ ቀበቶ አንገቱ ታስሮ፣ እግሩም በጨው ውስጥ ተነክሮ ተሠቃይቷል፤ ይህ በ1876 በእንስሳት ላይ ጭካኔን ለመከልከል የወጣውን ሕግ አያፈርስምን?» የሚል ዓይነት ጥያቄ አቀረበ። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ኸርበርት ግላድስቶን መለሱ። ጨው የተባለው ለወጥ የምንጨምረው ተራ ጨው መሆኑን፣ ጠያቂው በባሕር ዳር እግራቸውን ነክረው የሚያውቁ ከሆነ የውሻው ስሜት ምን እንደሆነ እንደሚረዱት፣ ውሻው አለመታሰሩን፣ አፉም አለመለጎሙን፣ ሹል ምስማር የተባለውም በአንገቱ ማሰሪያ ላይ ያለ የነሐስ ጌጥ መሆኑን አስረዱ። ምክር ቤቱ ሳቀ ይባላል። እኔ ግን የምክር ቤቱን አባል እንደ ሞኝ አልቆጥራቸውም። መረጃቸው ተሳስቶ እንደሆነ ነው እንጂ፣ በሃርቬይ ዘመን ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠይቀዋል። አንድ ታላቅ መንግሥት ስለ አንድ ውሻ እግር መልስ ለመስጠት መገደዱ ራሱ በታሪክ ውስጥ ቦታ ያለው ነገር ነው።

የሚያስገርመው፣ ዎለር መሣሪያው በሆስፒታል ያን ያህል የሚያስፈልግ አልመሰለውም ነበር። ጥቅሙን የተረዳው ዎለር ሲያሳይ ተመልክቶ የነበረ ቪለም አይንትሆቨን የሚባል የሆላንድ ሊቅ ነው። አይንትሆቨን በላይደን ከተማ እጅግ የጠራ መሣሪያ ሠራ፤ ክብደቱ 270 ኪሎ ያህል ሲሆን የሚያንቀሳቅሱት አምስት ሰዎች ነበሩ። ለዚህም ሥራ በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሕመምተኛው ሁለት እጆቹንና አንድ እግሩን በጨው ውኃ ውስጥ ነክሮ ሲቀመጥ የሚያሳየውን የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ የተመለከተ ሁሉ ጂሚን ሳያስታውስ አይቀርም።

ከጂሚ ቀጥሎ በስም የምትታወቀው ውሻ አና ናት። በአሜሪካ፣ ከመወለዳቸው ጀምሮ ልባቸው ጉድለት ያለበትና ከንፈራቸው ሰማያዊ የሚሆን ሕፃናት ያለ ተስፋ ይሞቱ ነበር። ሔለን ታውሲግ የምትባል የሕፃናት ሐኪም ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደም መጨመር ቢቻል ሕፃናቱ ይድናሉ የሚል አሳብ አቀረበች። አሳቡን በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ በሥራ ላይ ያዋለው የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ አልፍሬድ ብሌሎክ ነው ተብሎ ለብዙ ጊዜ ተነግሯል። በእጁ የሞከረው ግን ቪቪየን ቶማስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ቶማስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ አናጢ ነበረ፤ ሐኪም ለመሆን ያጠራቀመው ገንዘብ በ1929 በደረሰው የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ጠፋበት፤ በ1930 በብሌሎክ ላቦራቶሪ ሲቀጠር በመዝገብ የተጻፈለት የጽዳት ሠራተኛ ማዕርግ ነበር። 200 በሚያህሉ ውሾች ላይ በመጀመሪያ ጉድለቱን፣ ቀጥሎም መጠገኛውን ሠራ። ከነዚህ መካከል ድና ለረጅም ጊዜ የኖረችው የመጀመሪያይቱ አና ናት። በኅዳር ወር 1944 ብሌሎክ የመጀመሪያይቱን ሕፃን ሲያክም ቶማስ ከኋላው በመርገጫ ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ስፌት ይመራው ነበር። የአና ሥዕል በዚያው ተቋም ተሰቀለ። ለቶማስ የክብር ዶክተርነት የተሰጠው በ1976 ነው። ውሻይቱ ከሰውዬው ቀድማ መከበሯን ልብ ይሏል።

እስከዚህ ድረስ ውሻው ለሰው ልብ አገልጋይ ነበረ። ለውሻው ልብ ለራሱ ያሰበው ማነው? በዚህ ረገድ ስሙ መነሣት ያለበት በፊላዴልፊያ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያስተማረው ዴቪድ ዴትዋይለር ነው። ዴትዋይለርና ባልደረባው ዶናልድ ፓተርሰን ወደ ክሊኒካቸው የመጡትን 5 ሺህ የሚጠጉ ውሾች ልብ አንድ በአንድ መርምረው ውጤቱን በ1965 አወጡ። የሰው ሐኪም ያወቀውን በውሻ ላይ ከመገመት ይልቅ ውሻውን ራሱን መጠየቅ ማለት ይህ ነው። ፓተርሰን ደግሞ ከመወለድ በፊት ክፍት የነበረችና ከተወለዱ በኋላ መዘጋት ሲገባት ሳትዘጋ የምትቀር አንዲት ደም ሥር በፑድል ውሾች ዘንድ ከወላጅ ወደ ልጅ የምትተላለፍ ጉድለት መሆኗን አስረዳ። በዚያው ትምህርት ቤት ጄምስ ቡካናን በ1967 ልቡ አመታቱ ለተቋረጠበት ውሻ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ተከለ። በስዊድን አገር ለሰው የተተከለው በ1958 ስለ ነበረ፣ ውሻው ከሰው የዘገየው 9 ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የዘገየውን ሲያስቡት ይህ እንደ አንድ ቀን ነው።

ድመት ግን ገና አልደረሳትም ነበር። የርሷ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ስለሚደንቀኝ ቀስ ብለን እንየው።

በአሜሪካ በየቤቱ የሚኖሩ ድመቶች አይጥ ማደን ትተው በቆርቆሮና በከረጢት የታሸገ ምግብ የሚበሉ ሆኑ። በምግቡ ላይ «ለድመት የተሟላ» የሚል ጽሕፈት አለበት፤ ጽሕፈቱም በሊቃውንት ከተወሰነው ልክ ጋር የሚስማማ ነበር። እነዚሁ ድመቶች የልባቸው ሥጋ እየላላ፣ ልባቸው እንደ ከረጢት እየሰፋ ይሞቱ ነበር። ሐኪሞች ዲጂታሊስና ውኃ የሚያወጣ መድኃኒት ይሰጣሉ፤ አብዛኞቹ ድመቶች ግን አይተርፉም። የሕመሙ ምክንያት ስላልታወቀ የተፈጥሮ ነገር ነው ተብሎ ተተወ።

ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ስሙ የመጣው ከበሬ ነው፤ በመጀመሪያ የተገኘው በ1827 ከበሬ ሐሞት ውስጥ ስለ ሆነ ነው። ሰውና ውሻ ይህን ንጥረ ነገር ከሌላ ምግብ በገዛ አካላቸው ይሠሩታል። ድመት ግን የምትሠራው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሐሞቷን የምታዘጋጀው በታውሪን ብቻ ስለሆነም ያላትን ዕለት ዕለት ታወጣዋለች። ስለዚህ ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ በእህልና በአትክልት ውስጥ የለምና። አይጥ የምታድን ድመት ይህን ሳታውቀው ትሞላዋለች። በ1975 ታውሪን የጎደላቸው ድመቶች ዓይናቸው ከውስጥ እየጠፋ እንደሚታወሩ ታወቀ። ስለ ዓይን የታወቀው ነገር ግን ለ12 ዓመታት ያህል ወደ ልብ አልተሻገረም። የዓይኑ ሐኪም በአንድ ክፍል፣ የልቡ ሐኪም በሌላ ክፍል ነበሩ። በመሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች ይህን ነገር በሚገባ እናውቀዋለን፤ አንዱ ክፍል የሚፈልገው ፋይል በሌላው ክፍል ሣጥን ውስጥ ዓመታት ይተኛል።

በካሊፎርኒያ በዴቪስ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ገና በልብ ሕክምና ይሠለጥን የነበረ ፖል ፓዮን የተባለ ወጣት ሐኪም ሁለቱን ፋይሎች አገናኘ። ልባቸው የላላ ድመቶችን ደም አስመርምሮ ታውሪኑ እጅግ ዝቅ ብሎ አገኘው። ከባልደረቦቹ ጋር በነሐሴ ወር 1987 ባወጡት ጽሑፍ፣ በገበያ የሚሸጥ ምግብ የበሉ 21 ድመቶች በዚህ ዓይነት መታመማቸውን፣ ታውሪን በአፋቸው ሲሰጣቸውም የልባቸው ጉልበት መመለሱን አስታወቁ። የሚሞት ልብ ዳነ፤ ያውም በተራ ንጥረ ነገር። «በቂ ነው» ተብሎ የተወሰነው ልክ በቂ ያልነበረው፣ በእሳት በስሎ የታሸገው ምግብ ድመቷ ታውሪኗን ይበልጥ እንድታጣ ስለሚያደርግ ነው። ፋብሪካዎቹ ታውሪን ጨመሩ፤ ይህም ሕመም ከድመቶች መካከል ብርቅ ሆነ። አንድ የሕመም ዓይነት ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ያለ አዲስ መድኃኒት፣ በምግብ ማስተካከል ብቻ እንዲህ በፍጥነት ሲጠፋ ማየት በሕክምና ታሪክ ዘወትር የሚገኝ አይደለም።

ይህ ነገር ለኛም ቤት የሚያገባ አለው። ከጾም ወራት ጀምሮ እስከ ፋሲካ እንጀራና ሽሮ ብቻ የሚቀርብላት ድመት አይጥ ካላገኘች ጾሙን የምትጾመው በልቧና በዓይኗ ነው። ሃይማኖት የሰው ነው፤ ድመቷ አልተጠመቀችም፤ ስለዚህ ቁራሽ ሥጋ ወይም ዓሣ ቢፈለግላት ማንም አይቀየምም።

«ሰው ሐኪም አጥቶ ሳለ ስለ ውሻ ልብ ማውራት ምን ይባላል?» የሚሉኝ አንባቢ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሴ ግን የልብ ትል ነው። በሞቃት አገሮች በቢንቢ ንክሻ ወደ ውሻ የሚገባ፣ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ትል አለ፤ በልብና ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ደም ሥር ውስጥ ተጠቅልሎ ይኖራል። ጆሴፍ ላይዲ የተባለ አሜሪካዊ በ1856 ስም ሰጠው። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአገሩ አፈር ካወጣው አንድ ረቂቅ ሕዋስ፣ ዊልያም ካምቤል የሚሠራበት የመርክ ኩባንያ አይቨርመክቲን የተባለውን መድኃኒት አገኘ። በ1981 ለእንስሳት ጥገኛ ትሎች ለገበያ ቀረበ፤ በ1987 ደግሞ ውሻ በወር አንድ ጊዜ ቢውጠው የልብ ትል እንዳይዘው የሚከለክል ሆኖ ተፈቀደ። በዚያው በ1987 ኩባንያው ይህንኑ መድኃኒት ጥቁር ዝንብ በወንዝ ዳር እየነደፈ ሰውን ለሚያሳውርበት ለኦንኮሰርኪያሲስ በሽታ ያለ ዋጋ እንደሚሰጥ አስታወቀ። በአገራችንም በከፋና በሸካ ከ2001 ጀምሮ ለሕዝቡ ታድሏል። ኦሙራና ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ በከፋ ወንዝ ዳር ዓይኑ የተረፈለት ገበሬና በፊላዴልፊያ ልቡ የተረፈለት ውሻ የአንድ መድኃኒት ተካፋዮች ናቸው። መድኃኒቱም በመጀመሪያ የተሰጠው ለእንስሳት ነው።

ዛሬ የእንስሳት ልብ ሕክምና ምን ላይ ደርሷል? ስለ ድመት ልብ መወፈር፣ ሜን ኩን በተባሉት ትላልቅ ድመቶች ዘንድ ሕመሙን የሚያወርሰው የዘር ለውጥ በ2005 ታውቋል፤ አርቢዎችም ደም አስመርምረው ጥንዶቹን መምረጥ ይችላሉ። ስለ ውሻ የልብ በር ደግሞ በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ትልቅ ነገር አስረድቷል። ልባቸው ሰፍቶ ነገር ግን ገና ሳል ያልጀመራቸው 360 ውሾች ተመርጠው እኩሌቶቹ ፒሞበንዳን የተባለ መድኃኒት፣ እኩሌቶቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። መድኃኒቱን የወሰዱት ልባቸው እስኪደክም ድረስ 15 ወር ያህል ተጨማሪ ጊዜ አገኙ። በውሻ ዕድሜ ሲቆጠር ይህ ትንሽ አይደለም። ሕመሙ ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ በማዳመጫ የልቡን ድምፅ ሰምቶ በበሩ የሚያፈስሰውን ደም ሹሹታ የሚለይ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል።

ባለቤቱ ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ሐኪሞቹም ዘወትር የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ውሻው ወይም ድመቷ ደኅና አድርገው በተኙበት ሰዓት አጠገባቸው ቀስ ብለው ይቀመጡ። ደረታቸው አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ እስትንፋስ ነው። የእጅ ሰዓትዎን ይዘው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ። ጤነኛ የሆነ እንስሳ በእንቅልፉ ብዙውን ጊዜ ከ30 በታች ይተነፍሳል። በማግሥቱም በሌላውም ሌሊት ከ30 በላይ ሆኖ ካገኙት ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በወረቀት ላይ ጽፈው ሳይውሉ ሳያድሩ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።